ላሜራ መርጨትና ላሜራ ማተም፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ወርክሾፕ የሚሆነው የትኛው ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የሳቢያን ወጣት ደወለልኝ። የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ከፍቷል፤ ጎን ለጎን የታፔላ ሥራም ይቀበላል። «ጋሼ፣ የዱቄት ቀለም መርጫ ልግዛ ወይስ ኤርለስ? ለታፔላውስ ዩቪ ፕሪንተር ይሻለኛል ወይስ ስክሪን?» አለኝ። ምን ምን ልትሠራበት ነው ብዬ ስጠይቀው «አቦ፣ ሁሉንም ነዋ!» አለ።

ሁሉንም የሚሠራ መሣሪያ እስከ ዛሬ አላየሁም። ገበያ ላይ ያሉት መርጫዎችና ማተሚያዎች እያንዳንዳቸው የተፈለሰፉት አንድ ሰው አንድ ችግር አላስተኛ ብሎት ነው። ስለዚህ መሣሪያ ስመርጥ ከዋጋውና ከተሠራበት አገር በፊት የማየው፣ ያ ፈልሳፊ የተቸገረበት ነገር የእኔም ችግር መሆኑን ነው። ለልጁ በስልክ ያልኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዋጋ አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለወር አይቆይምና። የፈጠራዎቹ ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የምትሠሩበትን አየር እወቁ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ አየር ይሳሳል። የድሬ የአየር ግፊት ከጅቡቲ ወደብ ጋር ሲነጻጸር ወደ 13 በመቶ፣ የሐረር ወደ 20 በመቶ ያንሳል። ኮምፕሬሰር የሚስበው አየር ስስ ከሆነ በዚያው ልክ የሚያጠራቅመውም ይቀንሳል። ሻጩ «ይሄ በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ይሰጣል» ሲላችሁ፣ ሐረር ያለ ሰው ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛውን ቀንሶ ያስብ። ጁገል ዙሪያ ወርክሾፕ ያለው ጓደኛዬ የእኔን ዓይነት ኮምፕሬሰር ገዝቶ «የአንተው ይበረታል፣ የእኔው ይደክማል» እያለ ብዙ ጊዜ ማሽኑን ሲወቅስ ነበር። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ የሐረር አየር ነው የሳሳው።

ሙቀቱ ደግሞ የድሬ ጣጣ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቲነሩ ከቀለም መርጫው ሽጉጥ አፍ ወጥቶ ላሜራው ጋ እስኪደርስ ባለችው አንድ ስንዝር መንገድ ላይ ይተናል። ጠብታው ግማሽ ደርቆ ይደርስና ከጎኑ ካለው ጠብታ ጋር ሳይዋሃድ ይቀራል። ሲነካ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ሲያዩት ያንጸባርቃል ተብሎ የተገዛው ቀለም ደብዝዟል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሽጉጥ ይቀይራል። የሚቀየረው ቲነሩ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መጠየቅና ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መርጨት ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ከተማው ለበርጫ ሲቀመጥ ከደቻቱ አሸዋ ላይ የሚነሳው ነፋስም እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋል። እኔ ከሰዓቱን ለብየዳና ለብርጭቆ ወረቀት ሰጥቼ ቀለምን የጠዋት ሥራ ካደረግሁ ወዲህ የሚመለስብኝ በር በጣም ቀንሷል።

መርጫዎቹ

የተለመደው የአየር ሽጉጥ መነሻው ሕክምና ነው። አለን ዴቪልቢስ የተባለ የአሜሪካ ኦሃዮ ሐኪም በ1880ዎቹ መጨረሻ የጉሮሮ መድኃኒት እንደ ጉም አድርጎ የሚረጭ መሣሪያ ሠራ፤ ልጁ ቶማስ በ1907 ያንኑ ሐሳብ ወደ ቀለም አመጣው። መድኃኒቱ ጉሮሮ ውስጥ ተበትኖ ሁሉን ቦታ እንዲነካ ነበር የተፈለገው። የአየር ሽጉጥ ዛሬም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ቀለሙን ያደቅቀዋል፣ ይበትነዋል፣ ልስላሴውም ያማረ ነው። ጉዳቱ ከራሱ ከጥቅሙ ይመጣል። ከፍ ባለ ግፊት የወጣው አየር ላሜራውን መትቶ ሲመለስ ቀለሙን ይዞት ይመለሳል። ከ10 ሊትር ቀለም ላሜራው ላይ የሚቀረው 3 ሊትር ገደማ ነው። የቀረው ግድግዳው ላይ፣ የጎረቤት ልብስ ላይና ሳንባችን ውስጥ ነው።

ኤችቪኤልፒ የሚባለው ሽጉጥ የመጣው ይህን ለመቀነስ ነው። ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት ይለቃል፤ ከአፉ ሲወጣ ግፊቱ ከ0.7 ባር አይበልጥም። አየራቸው በጭስ የተጨነቀባቸው የካሊፎርኒያ ባለሥልጣናት ከተረጨው ቀለም ቢያንስ 65 በመቶው ዕቃው ላይ መቅረት አለበት ብለው ከደነገጉ በኋላ ይህ ሽጉጥ በዓለም ጋራዦች ሁሉ ተስፋፋ። ከ10 ሊትር 3 ሊትር ይቀር የነበረው 6 ተኩል ሆነ ማለት ነው። ቀለም በዶላር በሚመጣበት አገር ይህ ልዩነት ሽጉጡን በጥቂት ወር ውስጥ ይከፍላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች ይሳሳታሉ። ኤችቪኤልፒ አየር በላተኛ ነው። ደህናው ሽጉጥ በደቂቃ ከ300 ሊትር በላይ ይፈልጋል፤ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ትንሽ ኮምፕሬሰር ደግሞ ከዚያ ግማሹን ቢሰጥ ነው። አንድ የበር ክንፍ እስክትጨርሱ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጠብታው ይተልቃል፣ ቀለሙ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሸበሸባል። ታንኩ ትልቅ መሆኑ አያታልላችሁ። ታንክ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው፤ የሚሠራው ፓምፑና ዲናሞው ነው። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ምክሬ ሽጉጡን መካከለኛ አድርጋችሁ ኮምፕሬሰሩን ትልቅ ግዙ ነው። ከኮምፕሬሰሩ በኋላ የውኃ ማጣሪያ ግጠሙ። የተጨመቀ አየር ሲቀዘቅዝ ውኃ ይቋጥራል፤ አንዲት ጠብታ ውኃ ሙሉ ቀን የተለፋበትን በር ታበላሻለች። ታንኩን ደግሞ በየማታው ከሥሩ አፍስሱት። የአፉን መጠን በተመለከተ ለማጠናቀቂያ ቀለም 1.3 ወይም 1.4 ሚሊሜትር፣ ወፍራም ለሆነው አንቲረስት 1.7 እስከ 2 ሚሊሜትር ይበቃችኋል።

ኤርለስ ሌላ ዓለም ነው። ስሙ እንደሚለው አየር አይጠቀምም፤ ፓምፑ ቀለሙን ራሱን እስከ 150 እና 200 ባር ድረስ ይጨምቀውና በጠባብ ቀዳዳ ያስወጣዋል፤ ቀለሙም በፍጥነቱ ብዛት ይፈነጣጠራል። የመጋዘን ጣሪያ፣ ትልልቅ የብረት ማገር፣ የእህል ሲሎ፣ ሰፊ ግድግዳ ካላችሁ ከዚህ የሚስተካከል የለም። በአየር ሽጉጥ ሁለት ቀን የሚፈጀውን በግማሽ ቀን ይጨርሳል፤ ወፍራም ቀለምም ብዙ ቲነር ሳይገባበት ይረጫል። የአፉ ቁጥር ግራ አያጋባችሁ። 517 የሚል ካያችሁ የመጀመሪያውን 5 በሁለት አባዙት፤ 10 ኢንች ይሆናል፣ ማለትም ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት ሲረጭ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ይሸፍናል። 17ቱ ደግሞ የቀዳዳው ስፋት ነው፤ የኢንች 17 ሺኛ፣ 0.43 ሚሊሜትር ገደማ። ለቀጭን ቱቦላሬና ለመስኮት ፍርግርግ ግን አትግዙት። 25 ሴንቲሜትር የሚሸፍን ጅረት 4 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ብረት ላይ ስትለቁ አብዛኛው በመሃል አልፎ ይሄዳል።

ስለ ኤርለስ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከአፉ የሚወጣው ቀለም ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳው ሲደፈን በጣት ልጥረግ ያለ ሰው ጣቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ብቻ ያያል፤ ላይሰማውም ይችላል። ቀለሙና ቲነሩ ግን ጅማትና ሥጋ መሃል ገብቷል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተቀደደና ካልታጠበ ጣት ብሎም እጅ ያስቆርጣል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ፋሻ አስሮ ቤቱ አይሂድ። ድሬ ከሆነ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆነ ሕይወት ፋና ሆስፒታል በዚያው ሰዓት ይድረስና «በከፍተኛ ግፊት ቀለም ገብቶብኛል» ብሎ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር፤ ትንሽ ቁስል መስሎ እንዳይታለፍ። አፉን ከማጽዳታችሁ በፊት ፓምፑን አጥፉ፣ ግፊቱን አስለቅቁ፣ ምላጩን ቆልፉ። ይህን ሦስቱን በሠራተኞቼ ፊት በየጠዋቱ እደግመዋለሁ፤ ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ።

ለፍርግርግና ለአጥር ብረት የተፈጠረው ኤሌክትሮስታቲክ መርጫ ነው። ሃሮልድ ራንስበርግ የተባለ አሜሪካዊ ቤተሰቡ በሚያስተዳድረው ፋብሪካ የሚባክነው ቀለም አሳስቦት ነው የጀመረው። ቀለሙ ከሽጉጡ ሲወጣ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ብረቱ ከመሬት ጋር በሽቦ ይታሰራል። ጠብታዎቹ ብረቱን ስለሚፈልጉ ከፊት አልፎ ሊሄድ የነበረው ዞሮ ከኋላ ይለጠፋል። የክብ ቱቦ አጥርን ከአንድ ወገን ቆማችሁ ስትረጩ ጀርባው ሲቀባ ማየት፣ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሥራዬን አቁሜ ብረቱን ያዞርኩበት ነገር ነው። የመሬት ሽቦው ካልተያዘ ግን ሠራተኛውን ይነዝራል፤ ባስ ሲል የቲነር ጢስ ያቀጣጥላል።

የዱቄት ቀለም ለማን ነው?

ልጁ በጣም የጓጓው ለዚህ ነበር፤ እኔም የምዘገየው እዚህ ላይ ነው። ጀርመናዊው ኤርዊን ጌመር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያሰበው ቀለምን ያለ ቲነር ማልበስ ነበር። ከሥር አየር የሚነፋበት ገንዳ ውስጥ የፕላስቲክ ዱቄት አንሳፈፈና የጋለ ብረት ነከረበት፤ ዱቄቱ ቀልጦ ተለበጠ። በ1960ዎቹ ደግሞ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ሞልቶ በሽጉጥ መርጨት መጣ፤ ዛሬ የምናየው ይህ ነው። ሽጉጡ እስከ 100 ሺህ ቮልት ያመነጫል፤ ዱቄቱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ብረቱ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጋገራል። የወደቀው ዱቄት ተሰብስቦ እንደገና ይረጫል። ሽፋኑ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ይወፍራል (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፤ ጭረት ይችላል፤ የቲነር ሽታ የሚባል የለም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ የማይጓጓ የለም። ግን ሽጉጡን መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። ምድጃው የምትሠሩትን ትልቁን በር መዋጥ አለበት፤ ያን የሚያህል ምድጃ በኤሌክትሪክ ከሆነ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋል። መብራት በመጋገሪያው መሃል ቢሄድ ዱቄቱ ቀልጦ ሳይበስል ይቀራል። ዓይን ሲያየው አንጸባርቋል፣ የተጠናቀቀም ይመስላል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። በሩ ተገጥሞ አንድ ጊዜ ሲወረወር ማዕዘኑ ላይ ይረግፋል። በጋዝ የሚሠራ ምድጃ ይህን ያቃልላል።

ሁለተኛው ችግር ማዕዘን ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ጠርዝ ይሰበሰባል እንጂ ወደ ውስጠኛ ጥግ አይገባም። ኤልቲዜድ በሚባለው፣ የL፣ የT እና የZ ቅርጽ ባለው ብረት የተሠራ መስኮት በዱቄት የቀባ ሰው ያውቀዋል፤ ጠርዙ ሁለት እጥፍ ወፍሮ የውስጡ ጥግ ራቁቱን ይቀራል፤ ዝገትም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ቮልቱን መቀነስና ከጥጉ መጀመር ይረዳል። ዱቄቱን በፍትጊያ ብቻ የሚሞላ ትሪቦ የሚባል ሽጉጥም አለ፤ ጥግ በመግባት ይበልጣል፣ ነገር ግን የሚስማማውን ዱቄት መርጦ ማግኘት ይጠይቃል። ሦስተኛው ማጠብ ነው። ላሜራ ከፋብሪካ የሚመጣው ዘይት ተቀብቶ ነው። ዘይቱ ታጥቦ፣ ቀለም እንዲይዝ የሚያደርግ ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ውስጥ ተነክሮ፣ ደርቆ ካልገባ ዱቄቱ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ስለዚህ ዱቄት ስትሉ ሽጉጥ፣ ምድጃ፣ የማጠቢያ ገንዳና የዱቄት መሰብሰቢያ ክፍል ማለታችሁ ነው።

እኔ እንዲህ እመክራለሁ። የትምህርት ቤት ዴስክ፣ የአልጋ እግር፣ የሆቴል ወንበር የመሳሰለ አንድ ዓይነት ዕቃ በየሳምንቱ በብዛት የምታወጡ ከሆነ ዱቄት ግቡ፤ አትጸጸቱም። ዛሬ የከዚራ በር፣ ነገ የገንደ ቆሬ አጥር፣ ከነገ ወዲያ የባጃጅ ቦዲ የምትቀቡ ከሆነ ጥሩ ኮምፕሬሰርና ኤችቪኤልፒ ሽጉጥ ያዙ፤ ደንበኛ ዱቄት ሲጠይቃችሁ ምድጃ ላለው ሰው ወስዳችሁ አስጋግሩ። ቀለም ለመቀየር የዱቄት ክፍሉን ጠርጎ ማጽዳት ራሱ የአንድ በር ሥራ ጊዜ ይበላል።

የትኛውንም መርጫ ብትመርጡ ጋልቫናይዝ ላሜራን አትናቁት። ከዓመታት በፊት አንድ ትልቅ የግቢ በር በሚያምር አረንጓዴ ሲንተቲክ ቀባሁ። ዓመት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተገለጠ ወደቀ። ባለቤቷ እናት ተቆጥተው አስጠሩኝ፤ እውነታቸውን ነበር፤ ፍቄ በነጻ ቀባሁላቸው። ምክንያቱን በኋላ ነው ያወቅሁት። ላሜራው ላይ ያለው ዚንክና ቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት እርጥበት ሲያገኙ እንደ ሳሙና ያለ ስስ ነገር ይሠራሉ፤ ቀለሙም በዚያ ሳሙና ላይ ይንሸራተታል። መድኃኒቱ ዚንኩን የሚቆነጥጥ ኤች ፕራይመር ወይም ኢፖክሲ አስቀድሞ መርጨት ነው። ውድ ሽጉጥ ይህን ስህተት አያርመውም።

ሃርድነር የሚባል ማጠንከሪያ ፈሳሽ የሚቀላቀልበት ቀለም የምትረጩ ወጣቶች ደግሞ ስሙኝ። በሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ንጥረ ነገር የዕድሜ ልክ አስም ያስይዛል፤ አንዴ ከለመደባችሁ ጥቂቱ ሽታ ራሱ ትንፋሽ ይዘጋል። በአፍ ላይ የታሰረ ሻሽ ጭራሽ አይከላከልም፤ የከሰል ማስኩም ለዚህ አይታመንም። በቱቦ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭምብል ነው የሚያስፈልገው። በሚረጭበት ክፍል የቡና ከሰል አይገባም፣ ብየዳም አይበየድም።

ላሜራው ላይ ማተም

መርጨትና ማተም የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ቆርጦ መርጨት። ላሜራ ወይም ካርቶን ላይ ፊደል ይቆረጣል፣ ጆንያው ወይም ሳጥኑ ላይ ይጋደማል፣ ከላይ ይረጫል። ባለ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ላይ ምልክት ለማድረግ ከዚህ የሚረክስ መንገድ የለም። የእኛ ፊደል ግን ለዚህ ዘዴ ሁልጊዜ አይመችም። «ሐረር ቡና» ብላችሁ ብትቆርጡ ምንም አይወድቅም። «ዐ»፣ «ቀ»፣ «መ»፣ «ፀ» ስትቆርጡ ግን በውስጣቸው ያለው የተዘጋ ክፍል ተገንጥሎ ይወድቃል፤ እንዳይወድቅ ቀጭን ድልድይ ትተውለታል፣ ድልድዩም እንደ ጠባሳ ይታያል።

ያን እንደ ደሴት የተነጠለ ክፍል ያለ ድልድይ መያዝ የቻለው ስክሪን፣ ማለትም ቀለም ፍሬም ላይ በተወጠረ መረብ አልፎ የሚታተምበት ዘዴ ነው። ቆርጦ መርጨት ላይ ሐር ወጥሮ ፊደሉን የሚሸከም ዘዴ ጥንት በሩቅ ምሥራቅ ነበረ፤ የማንቸስተሩ ሳሙኤል ሳይመን በ1907 በእንግሊዝ የባለቤትነት መብት ካወጣበት ወዲህ ወደ ኢንዱስትሪ ገባ። ለታፔላና ለላሜራ ሥራ የእኔ ዋና ምርጫ እስከ ዛሬ ይኸው ነው። ምክንያቱ የቀለሙ ውፍረት ነው። ኦፍሴት፣ ማለትም ምስሉን መጀመሪያ ጎማ ላይ አሳርፎ ከዚያ የሚያትመው ማሽን፣ የሚያሳርፈው ቀለም 1 ወይም 2 ማይክሮን ነው፤ ስክሪን ከ10 እስከ 30 ማይክሮን ያሳርፋል። የድሬ ፀሐይ ቀለም ከላይ ወደ ታች እየላጠ ነው የሚበላው፤ ወፍራሙ ብዙ የሚበላለት አለው።

መረብ ስትገዙ ቁጥሩ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለው የክር ብዛት ነው። ለትልልቅ ፊደል 43 ወይም 55፣ ለደቃቅ ጽሑፍ 77 እና ከዚያ በላይ። በግዕዝ ፊደል ከላቲን ይልቅ መጠንቀቅ አለባችሁ። «ቤ» እና «ቢ»ን የምትለያቸው እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት ናት። መረቡ ሻካራ ከሆነ ወይም ቀለሙ ከቀጠነ ቀለበቷ ትሞላና «ቤት» «ቢት» ሆኖ ይወጣል። አንድ ፋርማሲ እንዲህ የተሳሳተ ሰሌዳ መንገድ ዳር ሰቅሎ ሳይ ለሠራው ሰው አዘንኩ፤ ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የመረቡ ነበር። በሙቀት ወራት ደግሞ ቀለሙ መረቡ ላይ ይደርቃል። ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር ጨምሩ፣ ከእያንዳንዱ ሕትመት በኋላ መረቡን በቀለም ሸፍናችሁ ተዉት፣ ለምሳ ከመሄዳችሁ በፊት እጠቡት። የስክሪን ድካሙ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ማዘጋጀት ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ታፔላ አያዋጣም፤ ለ50 የመኪና ማቆሚያ ምልክት ግን የሚወዳደረው የለም።

ዩቪ ፕሪንተር ያን የፍሬም ድካም ለማስቀረት የመጣ ነው። ሥዕሉ ከኮምፒውተር በቀጥታ ላሜራው ላይ ይታተማል፤ ቀለሙ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወዲያው ይደርቃል። ነጭ ቀለም ስላለው ጥቁር ላሜራ ላይም ያትማል። የአንድ ሆቴል አንድ ታፔላ ከነፎቶግራፉ ከተጠየቃችሁ የሚበልጠው ይህ ነው። ግን ቀለም የሚያወጣው ራስ ከፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ ብየዳ ቤት ጥግ ላይ ካስቀመጣችሁት በአቧራ ይደፈናል። ነጭ ቀለሙ ከባድ ስለሆነ ሳይነቃነቅ ከቆየ ይዘቅጣል። የተዘጋ፣ የቀዘቀዘ ክፍል፣ የማይቆራረጥ መብራትና በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ቀን የምትከፍቱት ከሆነ ሥራውን ከሚሠራበት ሰው ግዙ። ለስላሳ ላሜራ ላይ ያለ ፕራይመር ከታተመ በጥፍር ይነሳል፤ ይህን ሻጮች ሁልጊዜ አይናገሩም።

ስቲከር አትሞ ላሜራ ላይ መለጠፍ አብዛኛው የከተማችን ታፔላ የሚሠራበት መንገድ ነው፤ ለሚያጋጥም ሥራ ደህና ነው። ሁለት ዓይነት ስቲከር መኖሩን ግን እወቁ። በሮለር ተስቦ የተሠራው ርካሽ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሸበሸባል፣ ጠርዙም ይነሳል። ፈሶ የተሠራው አይሸሽም፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ከላይ ላሚኔት ካልተደረገ፣ ማለትም በሚያሳይ ስስ ፕላስቲክ ካልተሸፈነ፣ ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይሄዳሉ፤ ሰማያዊና ጥቁር ብቻ የቀሩባቸው የደበዘዙ ምስሎች በየመንገዱ የምናየው ለዚህ ነው።

ኦፍሴት በላሜራ ላይ የሚለው ነገር አዲስ ይመስላል እንጂ ኦፍሴት ራሱ የተጀመረው በላሜራ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ባርክሌይ በ1875 ቆርቆሮ ላይ ለማተም ሲቸገር፣ ደረቅ ድንጋይ ደረቅ ብረት ላይ ቀለም በደንብ ስለማያሳርፍ በመሃል የሚለሰልስ ነገር አስገባ። ወረቀት ላይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1904 ገደማ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ አይራ ሩቤል ማተሚያው ወረቀት ሳይገባበት ሲዞር ጽሑፉ ጎማው ላይ እንዳረፈ፣ ቀጥሎ የገባው ወረቀት ጀርባ ላይም ከፊቱ ይልቅ ጠርቶ እንደታተመ አስተዋለ። ዛሬ የቢራና የለስላሳ ኮርኪ፣ የዘይትና የቲማቲም ቆርቆሮ የሚታተመው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጠፍጣፋ ላሜራ በሮለር ቫርኒሽ ይቀባል፣ ይታተማል፣ በረጅም ምድጃ ያልፋል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ይህ የፋብሪካ መስመር ነው። ደንበኛ አሥር ሺህ የታተመ ቆርቆሮ ከጠየቃችሁ አትግዙት፤ አስተላልፉት።

የወረቀት ሥራ ላላችሁ ባለ 36 በ52 ሴንቲሜትሩ ጂቲኦ ኦፍሴት እዚህ ለሚታዘዘው ደረሰኝና ፖስተር ይበቃል። ደረቅ ወራት ላይ ወረቀቱ ስለሚነዝርና እርስ በርስ ስለሚጣበቅ፣ ከማተማችሁ በፊት አንድ ቀን በማተሚያ ክፍሉ ውስጥ ከነማሸጊያው አሳድሩት።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሻጩ በራሱ ናሙና ሲያሳያችሁ አትርኩ። የራሳችሁን ላሜራ፣ የራሳችሁን ቀለም ይዛችሁ ሂዱና በዓይናችሁ ፊት አስረጩ፣ አሳትሙ። ሲደርቅ በምላጭ አንድ ሚሊሜትር እየተራራቀ ስድስት መስመር ወደ ታች፣ ስድስት መስመር ወደ ጎን ጭረቱ፤ ለዱቄት ቀለም ርቀቱን ሁለት ሚሊሜትር አድርጉ። ጠንካራ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንዴ ሳቡት። ከካሬዎቹ የተነሳ ካለ ወይ ላሜራው አልታጠበም፣ ወይ ፕራይመሩ ስህተት ነው፣ ወይ ቀለሙ አልበሰለም። ዱቄት ከሆነ ደግሞ በቲነር የራሰ ጥጥ ሃምሳ ጊዜ አሹበት፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ወይም ፊቱ ከለሰለሰ ምድጃው አልጋገረውም። ከዚያ መርፌውን፣ አፉንና የፓምፑን ጎሚኒ ከየት እንደምታገኙ ጠይቁ፤ ድሬ ላይ ታይዋን ገበያ ዞራችሁ ካላገኛችሁት ከመርካቶ በአውቶቡስ የሚመጣበትን ጊዜ አስሉ።

የሳቢያኑ ልጅ ባለፈው ሳምንት እንደገና ደውሎ ነበር። ያለፈውን ስድስት ወር ሥራውን በደብተር ቆጥሮት፣ 41 በርና መስኮት፣ 9 ታፔላ፣ አንድ መጋዘን ሆኖ አገኘው። ኮምፕሬሰሩን ከነውኃ ማጣሪያው አዟል፤ ለመጋዘኑ ሥራ ኤርለስ በቀን ኪራይ ተስማምቷል። ታፔላውን ለጊዜው በስቲከር እየሠራ የስክሪን ፍሬም መወጠር እንዳስተምረው ጠየቀኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይመጣል።